ሁለት ኪቦርድ፣ አንድ ጆሮ

በአንድ የሙዚቃ አቀናባሪ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ኪቦርድ ይቀመጣል። አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ነጭና ጥቁር ቁልፍ ያለውንም፣ ፊደል የተጻፈበትንም። የመጀመሪያውን በዓይኑ እያፈላለገ የሚጫወት ሰው ገና ጀማሪ መሆኑን ያየው ሁሉ ያውቃል። በሁለተኛው ግን ዐሥር ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ የሠራ ባለሙያ እንኳ ማውዝ ይዞ ሜኑ ለሜኑ ሲዞር ቢውል የሚገርመው የለም። አንዱ ኪቦርድ መሣሪያ ነው፣ ሌላው የቢሮ ዕቃ ነው ብለን ስለለመድን ነው። ሙዚቃው በሁለቱም በኩል እያለፈ አንዱን ብቻ መለማመዳችን ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሚከፈለውም ብዙ ሰው እንደሚገምተው በደቂቃ ብቻ አይደለም።

አንድ ተራ የቀረጻ ከሰዓት እንውሰድ። ድምፃዊቷ ከመስታወቱ ማዶ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ቆማለች። አዝማቹን ጀመረች፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠራት። «አይ፣ አልወደድኩትም፤ ከአዝማቹ መልስልኝ» ትላለች። አቀናባሪው እጁን ከሙዚቃው ኪቦርድ አንሥቶ ማውዙን ይይዛል። ማቆሚያውን ይጫናል፣ የተበላሸውን ቅጂ ይመርጣል፣ ማጥፊያውን ከሜኑ ይፈልጋል፣ ጠቋሚውን ወደ አዝማቹ መነሻ ይጎትታል፤ አልፎት ስለሄደ እንደገና ይመልሰዋል፤ በመጨረሻ የመቅጃውን ቀይ ክብ ይጫናል። አንድም ስሕተት አልሠራም። በዚያ ዝምታ መካከል ግን ድምፃዊቷ ውሃ ተጎነጨች፣ ስልኳን አየት አደረገች፣ ከፍ ብሎ የነበረው ስሜቷም ረገብ አለ። ሁለተኛው ቅጂ ትንፋሹ የተስተካከለ፣ ሙቀቱ ግን የቀነሰ ሆኖ ይመጣል።

የሰዓቱ ሒሳብና የተቃዋሚው ሰዓት

በዚያ ዝምታ ውስጥ የጠፋውን መለካት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒውዌል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሰው በኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ሥራ ወደ ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ አማካይ ጊዜ ሰጡ። አንድ ቁልፍ መጫን ለጥሩ ጸሐፊ 0.2 ሰከንድ፣ ጠቋሚን ወደ አንድ ቦታ ማድረስ 1.1 ሰከንድ፣ እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውዝ ማሻገር 0.4 ሰከንድ፣ ለቀጣዩ ድርጊት በሐሳብ መሰናዳት ደግሞ 1.35 ሰከንድ። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ከሜኑ አንድ ትእዛዝ መምረጥ፣ እጅን አሻግሮ ሁለት ጊዜ አነጣጥሮ ሁለት ጊዜ ተጭኖ መመለስ ማለት ስለሆነ፣ 3.4 ሰከንድ ይወስዳል። ሁለት ቁልፍ ያለው አቋራጭ 0.4 ሰከንድ ይበቃዋል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ባለአራት ምት ሙዚቃ አንድ ባር ሁለት ሰከንድ ነውና ሜኑው ወደ ሁለት ባር የሚጠጋ ሙዚቃ ይበላል ማለት ነው። ሆኖም ትእዛዙ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ቢደጋገም የሚተርፈው ጊዜ ተደምሮ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው። በዐሥር ደቂቃ አቦሉ እንኳ አይደርስም። አቋራጭ የሚያስፈልገው ጊዜ ለመቆጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል የሚደከምለት ጉዳይ ባልሆነ ነበር።

ከዚህም የከበደ ተቃውሞ አለ። በአፕል ኩባንያ የተጠቃሚ ገጽታ ንድፍ ላይ ለዓመታት የሠራው ብሩስ ቶኛዚኒ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደጻፈው፣ በሙከራ የተፈተኑ ሰዎች ኪቦርዱ እንደሚፈጥን እርግጠኞች ናቸው፤ ሰዓቱ ሲያዝ ግን ማውዙ ይቀድማል። እሱ የሰጠው ምክንያት ሰው የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለበት ለማስታወስ ሁለት ሰከንድ ያህል ያጠፋል፣ ያጠፋውንም ጊዜ ራሱ ይረሳዋል የሚል ነበር። ብዙ የኪቦርድ ወዳጆች ይህን ሐሳብ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ ልብ ብሎ ላነበበው ግን ጠቃሚ ምስክር ነው። ቶኛዚኒ የለካው በደንብ ያልተለመደ አቋራጭን ይመስላል። የካርድና የጓደኞቹም ሰንጠረዥ ይህንኑ ይናገራል፤ ከተዘረዘሩት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ረጅሙ የሐሳብ መሰናዶው ነው። ጣት ፈጣን ነው፣ የሚዘገየው «የቱ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ መቶ አቋራጭ መድቦ ሰማንያውን ለማስታወስ የሚቸገር ሰው በማውዝ ከሚሠራው ሰው ይዘገያል፤ ዐሥራ አምስቱን ሳያስብ የሚጫን ሰው ግን ጥያቄው ራሱ አይነሣበትም።

በሙዚቃ ላይ ደግሞ የቶኛዚኒ ሰዓት የማይይዘው ሌላ ነገር አለ። ጽሑፍ ሲታረም ዓረፍተ ነገሩ በስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሰውየው ሜኑ ሲያስስ ቆይቶ ቢመለስ ቃሉ እዚያው ነው። ዜማ እንዲህ አይጠብቅም። የከበሮው ምት ከባዝ ጊታሩ አንድ ስንዝር ቀደም ማለቱን የሰማ ጆሮ ያንን ስሜት የሚይዘው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ዓይን የትእዛዝ ስም እንዲያነብ ከተላከ፣ ሲመለስ የሰማውን እንደገና መስማት ሊኖርበት ነው። ከማውዙ ጋር የሚሄደው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ዓይን በሄደበት ሐሳብም ይከተላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የኪቦርድ አቋራጭና ኮንትሮለር የሚዘጋጁት ጆሮን ከሌላ ሥራ ነፃ ለማውጣት ነው፤ አንድ አቋራጭ ጥሩ ነው የሚባለውም ስንት ሰከንድ ቆጠበ ተብሎ ሳይሆን ሳይታሰብ ይሠራል ወይ ተብሎ ነው። ይህ መስፈርት ከተያዘ ምን መመደብ፣ ምን መተው፣ የቱን በቁልፍ የቱን በኖብ መሥራት እንዳለበት በየተራው ይወሰናል።

ጥቂት ፊደል፣ ሙሉ ዜማ

በአጭር ምልክት ረጅም ነገር መጥራት ለዚህ አገር ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ መጻሕፍት ውስጥ ከንባቡ በላይ በትንንሹ የሚጻፉ ፊደላት አሉ፤ ምልክት ይባላሉ። ትውፊቱ ሥርዓቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። አንድ ምልክት አንድን ድምፅ አያሳይም፤ ከአንድ የታወቀ የመዝሙር ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ የሚያስታውሱትም ያ ቃል የሚዜምበትን ሙሉ የዜማ ሐረግ ነው። ፊደሉን ያየ ሊቅ ሐረጉን ሁሉ ያወጣዋል። በዜማ ቤት ዓመታት ያላሳለፈ ሰው ግን ፊደሉን ማንበብ ቢችልም ዜማውን አያገኘውም። ምልክቱ ዕውቀትን አይተካም፤ የተጠናውን ይጠራል እንጂ። የሙዚቃ ሶፍትዌር አቋራጭም ባሕርዩ ይኸው ነው። ከኢንተርኔት የሌላ ሰው የተዘጋጀ ካርታ አውርዶ በመጫን ብቻ ፈጣን መሆን የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ የሌላውን ሰው ምልክት መውሰድ የሌላውን ሰው ጥናት መውሰድ አይደለም።

ታዲያ ለምን ብዙ ሰው አይለማመደውም? ስንፍና ነው የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዴቪድ ሌንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ማይክሮሶፍት ወርድን በመጠቀም ልምድ ያላቸው 251 ሰዎች ተጠይቀው፣ አብዛኞቹ በጣም የሚደጋገሙትን ትእዛዞች ሳይቀር በምስል ቁልፍና በሜኑ እንደሚፈጽሙ ታየ። ልምድ ብቻውን ሰውን ወደ አቋራጩ አላሻገረውም። ጆን ካሮልና ሜሪ ቤት ሮሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ምክንያቱን አስቀድመው ጽፈውት ነበር፤ ሰው በሥራው ስለተጠመደ የሚያውቀውን መንገድ ትቶ የተሻለውን ለመማር አይቆምም፤ ለነገ የሚጠቅመው ትምህርት የዛሬውን ሥራ የሚያዘገይ ሆኖ ይታየዋል። የቅዳሜ ሰርግ ሙዚቃ ዐርብ ማታ ማድረስ ያለበት አቀናባሪ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ መሸጋገሪያው ሥራውን ሳያስቆም መምጣት አለበት፤ በአንድ ቀን መቶ ትእዛዝ በማጥናት ሳይሆን እጅ ዛሬ የደጋገመውን አንዱን ትእዛዝ ዛሬውኑ ቁልፍ ላይ በማስቀመጥ።

ከትእዛዝ ዝርዝሩ ወደ ቁልፉ

ይህን ለማየት ሪፐር የሚባለው ሶፍትዌር ጥሩ ምሳሌ ነው። የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤምፒ3 ያዳመጠ ሁሉ የሚያውቀውን ዊንአምፕን የጻፈው ሰው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1999 ለኤኦኤል ሸጦ ከወጣ በኋላ ኮኮስ በሚባል አነስተኛ ድርጅት ሥር ሪፐርን አወጣ። ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ የግል ፈቃዱም 60 ዶላር ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ድርጊት በአንድ ትልቅ የትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ነው። የጥያቄ ምልክቱ ቁልፍ ሲጫኑት ዝርዝሩ ይከፈታል፤ የፈለጉትን ትእዛዝ በስሙ ፈልጎ መጨመሪያውን ተጭኖ የሚፈለገውን ቁልፍ መንካት ነው። ቁልፉ አስቀድሞ ሌላ ሥራ ካለው ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል። በተቃራኒው አንድ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ በዚያው መስኮት ቁልፉን ነክቶ መጠየቅ ይቻላል። በኤብልተን ላይቭ ውስጥ ኮንትሮልንና ኬን በመጫን፣ በሎጂክና በኩቤዝም ለዚሁ በተዘጋጀ መስኮት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ መልኩ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

የሪፐር ትልቁ ጉልበት የሚታየው ትእዛዞችን አሰባስቦ አንድ ማድረግ ሲቻል ነው። ወደ ድምፃዊቷ እንመለስ። ቀረጻውን ማቆም፣ ወደ ተመረጠው ክፍል መነሻ መመለስ፣ እንደገና መቅዳት፤ እነዚህ ሦስት ትእዛዞች በአንድ ስም ታስረው በአንድ ቁልፍ ይፈጸማሉ። «ከአዝማቹ መልስልኝ» ስትል አቀናባሪው አንድ ጣት ያንቀሳቅሳል፣ ሙዚቃው ከጥቂት ባር ቀደም ብሎ ይነሣል፣ እሷም ስሜቱ ሳይበርድ ትገባለች። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ የተበላሸውን ቅጂ የሚያጠፋ አራተኛ ትእዛዝ መጨመር ያምራል። ዝርዝሩ ውስጥም ቀረጻን አቁሞ የተቀዳውን ሁሉ የሚያጠፋ ትእዛዝ አለ። ሳይታሰብ የሚጫን ቁልፍ ላይ ግን የማይመለስ ነገር አይቀመጥም። ዘፋኝ «አልወደድኩትም» ያለችው ቅጂ ማታ ሲሰማ ምርጡ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቅጂዎቹን ደራርቦ ማቆየት የዲስክ ቦታ እንጂ ሌላ ዋጋ የለውም። የሚያጠፋ፣ ፋይል የሚተካ፣ የሚዘጋ ትእዛዝ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚፈልግ፣ ከተለመዱት ቁልፎች የራቀ ቦታ ይሰጠው። እጅ ማሰብ ያቆመበት ቦታ ላይ የሚቀመጠው ሊመለስ የሚችል ድርጊት ብቻ መሆን አለበት።

አቋራጭ ሠርተው ሲያበቁ «አልሠራ አለኝ» የሚያሰኙ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ፤ አንደኛው በሁሉም አገር የታወቀ፣ ሁለተኛው ለእኛ የቀረበ ነው። የመጀመሪያው የመስኮት ጉዳይ ነው። የሪፐር ዋና መስኮትና የሚዲ ኖታ ማረሚያው የየራሳቸው የትእዛዝ ክፍል ስላላቸው በአንዱ የተመደበ ቁልፍ በሌላው ላይ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የፕለጊን መስኮት ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ቁልፎቹ ወደ ፕለጊኑ ሊሄዱ ይችላሉ። ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ትራኩን «ክራር»፣ «መሰንቆ»፣ «አጃቢ ድምፅ» ብሎ በፊደላችን የሚሰይም አቀናባሪ የኮምፒውተሩን አጻጻፍ ወደ አማርኛ ቀይሮ ይረሳዋል። ከዚያ ድምፁን ለመቁረጥ ኤስን ሲጫን የአማርኛ መጻፊያው «ስ»ን ለመጻፍ ፊደሉን ሊጠልፈው ይችላልና ቁርጡ አይቆረጥም። መላው ቀላል ነው፤ ከስያሜ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ፣ ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች ደግሞ ቋንቋ በማይለውጣቸው ቁልፎች፣ ማለትም በስፔስ ባር፣ በቀስቶቹ፣ በላይኛው የኤፍ ረድፍና በቀኙ የቁጥር ሰሌዳ ላይ ማስቀመጥ።

ኖብ ምን ይሠራል?

ይህ የቋንቋ መሰናክል ወደ ኮንትሮለሩ ያደርሰናል። ኮንትሮለር የምንለው ፓድ፣ ኖብና ፌደር ያለው፣ በራሱ ድምፅ የማያወጣ ሰሌዳ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በሚዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የናም የሙዚቃ ዕቃዎች ትርዒት ላይ የሲኩዌንሻል ፕሮፌት-600 ከሮላንድ ጁፒተር-6 ጋር በአንድ ገመድ ተያይዞ በታየበት ቋንቋ። ሚዲ ፊደል አያውቅም፤ የሚልከው ቁጥር ነው። 36 ቁጥርን የሚልክ ፓድ ኮምፒውተሩ በአማርኛም ይሁን በዐረብኛ እየተጻፈበት ያው 36 ነው። በሪፐር ምርጫዎች ውስጥ ሰሌዳው ትእዛዝ እንዲልክ ከተፈቀደለት በኋላ ለቁልፍ የተሠራው መስኮት ፓዱንም ይቀበላል፤ በቁልፉ ፈንታ ፓዱን መምታት ብቻ ነው። ከድምፃዊቷ ፊት ለፊት ለሚሠራ ሰው «ከመነሻው መልሰህ ቅዳ» የሚለው ትእዛዝ በጨለማ እንኳ በእጅ በሚዳሰስ ትልቅ ፓድ ላይ መቀመጡ በፊደል ቁልፍ ላይ ከመቀመጡ ይሻላል።

ፓድ ግን ከቁልፍ ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም «አድርግ» ወይም «ተው» ነው የሚሉት። ኖብና ፌደር ሌላ ነገር ናቸው፤ «ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ መልስ» ይላሉ። የሥራ ክፍፍሉም ከዚሁ ይመጣል። መቁረጥ፣ መቅዳት፣ መመለስና ትራክ መጨመር የቁልፍ ሥራ ነው። የድምፅ መጠን፣ የማስተጋቢያ ብዛት፣ የፍሪኩዌንሲ ማጣሪያ ግን እየሰሙ በእጅ የሚፈልጓቸው ናቸው፤ እነዚህን በቁልፍ መሥራት ክራር በመዶሻ እንደመቃኘት ነው። ችግሩ የሚዲ ተራ መልእክት ከ0 እስከ 127 ያሉ 128 ደረጃዎች ብቻ መያዙ ነው። ተራ ኖብ ደግሞ የቆመበትን ቦታ ይናገራል። ኖቡ 20 ላይ ቆሞ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ዋጋ 100 ከሆነ፣ ኖቡ በተነካ ቅጽበት ድምፁ ከ100 ወደ 21 ይወድቃል። በጸጥታ ሲደመጥ በነበረ ሚክስ መካከል እንዲህ ያለ ዝላይ ጆሮን ያስደነግጣል፣ የተገነባውን ሚዛንም ያፈርሳል። ኮንትሮለር የገዛ ሰው በዚህ የተነሣ በሳምንቱ ቢጥለው አያስገርምም።

የኮንትሮለር ፕለጊን የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለሪፐር ከተሠሩት አንዱ ሄልጎቦስ በሚል ስም የሚታወቅ ገንቢ የሠራው ሪለርን ነው፤ የፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ ነው። አሠራሩ ሦስት ቃል ነው፤ ምንጭ፣ ማያያዣ፣ ግብ። ምንጩ የተነካው ኖብ፣ ፓድ ወይም የኮምፒውተሩ ቁልፍ ነው። ግቡ የሚንቀሳቀሰው ነገር ነው፤ የትራክ ድምፅ፣ የፕለጊን አንድ መለኪያ፣ ወይም ከሪፐር ዝርዝር አንድ ትእዛዝ። መሐል ያለው ማያያዣ ደግሞ ዳኛው ነው። ያንን የሚያስደነግጥ ዝላይ የሚከለክለው እሱ ነው፤ ኖቡ የሶፍትዌሩን ዋጋ እስኪያገኘው ዝም እንዲል፣ ወይም ቀስ በቀስ እየተጠጋ እንዲደርስበት ሊታዘዝ ይችላል። የኖቡን ሙሉ ዙር ወደሚፈለገው ጠባብ ክልል ማጥበብም ይቻላል፤ ከ0 እስከ ከፍተኛው ከመሄድ ይልቅ ለዘፋኟ ድምፅ በእውነት በሚያስፈልጉት ጥቂት ዴሲቤሎች መካከል ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ 128ቱ ደረጃዎችም ለሚጠቅመው ቦታ ይተርፋሉ። አንድ ፓድ አጭር ሲመታ አንድ ሥራ፣ ሲቆይበት ሌላ ሥራ እንዲሠራም ይደረጋል። ፕለጊኑን በሪፐር የማዳመጫ ሰንሰለት ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዘፈን እንደ አዲስ ከማዘጋጀት ያድናል፤ የትኛውም ፕሮጀክት ሲከፈት ካርታው አብሮ አለ።

እንዲህ ያለ ችሎታ ግን ፈተናም ያመጣል። ሪለርን የተከፈተውን ፕለጊን እየተከተለ የስምንቱን ኖቦች ሥራ ሊለዋውጥ ይችላል፤ ኮምፕሬሰር ሲከፈት የኮምፕሬሰር፣ ኢኩዋላይዘር ሲከፈት የኢኩዋላይዘር። ስምንት ኖብ በእንዲህ ዓይነቱ ድርብርብ ሰማንያ ይሆናል። ከላይ በተቀመጠው መስፈርት ከመዘንነው ግን ሰማንያው ሥራ «አሁን ይህ ኖብ የቱ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄው ከመጣ ደግሞ ዓይን ወደ ስክሪኑ ይመለሳል፣ ሥራውም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ድርብርቡ አንድ ሕግ ይኑረው፤ አንድ ኖብ በየትኛውም ፕለጊን ላይ ተመሳሳይ ጠባይ ይያዝ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ የመግቢያ ድምፅ፣ የመጨረሻው ሁልጊዜ የመውጫ ድምፅ፣ በመካከል ያሉት ደግሞ ከታችኛው ፍሪኩዌንሲ ወደ ላይኛው በቅደም ተከተል ከተሰለፉ እጅ ሕጉን ይማራል፤ ሰማንያ ነገር ሳይሆን አንድ ልማድ ያጠናል።

ሦስት ተገቢ ጥያቄዎች

ይህን ሁሉ ያነበበ ባለሙያ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው፣ «በሌላ ሰው ስቱዲዮ ስሠራ ምን ልሆን ነው?» የሚል ነው። ለራሱ እጅ ብቻ የተሠራ ካርታ የለመደ ሰው በሌላ ማሽን ላይ እንደ እንግዳ ይሆናል። ሪፐር የቁልፎቹን ካርታ በአንድ ትንሽ ፋይል አስወጥቶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ያስችላል፤ ነገር ግን የሰው ማሽን ላይ የራስን ካርታ መጫን ሁልጊዜ አይፈቀድም፣ ሳይነገር ከተጫነም ባለቤቱን ያውካል። ስለዚህ የተሻለው መልስ በምርጫው ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ይዞት የመጣውን ማጫወቻ፣ መቅጃ፣ መመለሻና ማስቀመጫ ቁልፍ አለመንካት። እነዚህ በየትኛውም ቦታ የሚገኙ የጋራ ቋንቋ ናቸው። የግል ካርታ በባዶዎቹ ቁልፎች ላይ ይሠራ፤ ካርታው በሌላው ማሽን ላይ ባይኖርም መሠረቱ አይናድም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚያመው ነው፤ «ይህ ሁሉ ማዘጋጀት ራሱ ሙዚቃ ካለመሥራት የሚያመልጡበት መንገድ አይደለም ወይ?» ነው። እውነት አለው። ካርታ ሲሠራ፣ ቀለም ሲመርጥ፣ ፓድ ሲሰይም ሳምንት የሚያልፍበት አለ፤ በመጨረሻ በደንብ የተደረደረ ሰሌዳና አንድም ያላለቀ ዘፈን ይቀራል። ድግሱ ሳይኖር ድንኳኑን ብቻ እንደመትከል ነው። መልሱ ማዘጋጀትን መተው አይደለም፤ ከሥራው ጋር ማሰር ነው። አንድ ትእዛዝ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዓይንን ከሙዚቃው ላይ ከጎተተ ለእሱ ብቻ ቁልፍ ይመደብለት፤ ሌላ ምንም አይነካ። አዲሱ ቁልፍ ሳይታሰብ መጫን እስኪጀምር ድረስ ሁለተኛ አይጨመር። አንድ ወር ያልተነካ አቋራጭ ይነሣ። በዚህ መንገድ የሚያድግ ካርታ አዝጋሚ ነው፤ ሆኖም የባለቤቱን ትክክለኛ ሥራ ይመስላል። መሰንቆ ብዙ የሚቀዳ ሰው ካርታ ከበሮ በፓድ ከሚያቀናብር ሰው ካርታ ይለያል፤ መለየትም አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ የተለየ ነው፤ «ዘገምተኛው ማውዝ ቢያንስ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፤ ፈጣን እጅ ግን ሳይሰማ ይቆርጣል» የሚል ነው። ይህንን የሚሉ ሰዎች የሚፈሩት ነገር በእርግጥ አለ። በአንድ ቁልፍ ትንፋሽ ሁሉ ሲጸዳ፣ በአንድ ትእዛዝ ምት ሁሉ ወደ ፍርግርጉ ሲሳብ፣ የከበሮው መዘግየት ስሕተት ይሁን ውበት ሳይጠየቅ ይጠፋል። ነገር ግን ጥፋቱ የቁልፉ ፍጥነት አይደለም፤ ትእዛዙ ያለ ማዳመጥ መሰጠቱ ነው። ሜኑ ሲያስሱ የሚገኘው ጊዜ ደግሞ የማዳመጥ ጊዜ አይደለም፤ የማንበብ ጊዜ ነው። ለማሰብ ቆም ማለት የፈለገ ሰው እጁን ከሁሉም ላይ አንሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሙዚቃውን ከመነሻ ይስማ፤ ያ ዕረፍት የሚገኘው በምርጫ እንጂ በሜኑ ግዳጅ አይደለም። ካርታ ሲሠራም ይህንን ማገዝ ይቻላል፤ ከሁሉ የቀለለው፣ ትልቁና ለእጅ የቀረበው ቁልፍ ለመቁረጥ ሳይሆን መልሶ ለመስማት ይሰጥ።

ይህ ክርክር በሐሳብ ብቻ የቆመ እንዳይመስል የመጨረሻውን ማስረጃ ከዓይነ ስውራን ሙዚቀኞች መውሰድ ይገባል። ጄምስ ቴ የተባለው አውስትራሊያዊ የሶፍትዌር ገንቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ኤንቪዲኤ በሚባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ ላይ ከማይክል ከረን ጋር የሠራ ራሱም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው፣ ለሪፐር ኦሳራ የተባለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ጻፈ። በኦሳራ አማካይነት ሪፐር የተመረጠውን ትራክ፣ ጠቋሚው የቆመበትን ባር፣ የተለወጠውን መለኪያ በድምፅ ይናገራል፤ ሥራው ሁሉ በቁልፍ ይሠራል። በዚህ መንገድ ሙሉ ሥራ ቀርጸው፣ አርመው፣ ሚክስ አድርገው የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ አቋራጭ ምቾት አይደለም፣ በሩ ራሱ ነው። ለሚያየው ሰው የሚያሳዩት ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ የሙዚቃ ቅንብር ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ዓይን ሳያስፈልገው መሠራት ይችላል። የተቀረነው ዓይናችንን የምናሰማራው ሥራው ስለሚጠይቀው ሳይሆን ጣታችንን ስላላስተማርነው ነው።

ድምፃዊቷ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ አታውቅም፣ ማወቅም አያስፈልጋትም። የምታውቀው «መልስልኝ» ብላ አፏን ሳትዘጋ የአዝማቹ መግቢያ በጆሮዋ መጀመሩን ነው፤ ውሃ ለመጠጣት ጊዜ አላገኘችም፣ ስልኳንም አላየችም። አቀናባሪው እየተመለከታት ነው፤ አንድ እጁ በነጭና ጥቁሩ ኪቦርድ ላይ፣ ሌላኛው በፊደል ኪቦርዱ ላይ ዐርፏል፤ ሁለቱንም አያያቸውም።